የአንድ አፍ ማንጎ

ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ ልብስ መሸጥ ከቆመ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ ውርጭ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ከትልልቅ ሰዎች ወሬ ብቻ ነው። ገብስ የነበረበት ሜዳ ፓፓያ ሆኗል። ግቢ ያለው ሰው በደጃፉ ማንጎ ወይም አቮካዶ ያቆማል፤ ግቢ የሌለው በረንዳው ላይ በበርሜል ሎሚ ያበቅላል፤ በረንዳም የሌለው የሰው ዛፍ በአጥር አሻግሮ እያየ ያልፋል። ማየት እስካሁን አልተከለከለም።

ሶልያና ማንጎዋን የገዛችው የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ጡረታ በወጣች በሳምንቱ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በመነኸሪያው ተራ አስከባሪ ነበረች። ሹፌር ተራ ሲሰርቅ፣ ረዳት አሮጊት ሲያመናጭቅ፣ ጎረምሳ ሰልፍ ሲጥስ ዝም ብላ አታውቅም። ድምጿ ከመነኸሪያው እስከ ገበያው ይሰማ ነበር። የሽኝቷ ዕለት የሥራ ጓደኞቿ «ከእንግዲህ ማንን ልትቆጪ ነው?» ብለው ሲስቁባት «ዛፍ እቆጣለሁ» አለቻቸው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጅ አልወለደችም፣ ግቢዋ ግን ሰፊ ነው። ጠዋት ወጥታ የምታየው፣ ከትናንት ዛሬ አደገ የምትለው ነገር ፈለገች።

ችግኝ ጣቢያው የዘረለምለም ድርጅት ነበር። ሌላ ችግኝ ጣቢያ የለም። የበሉትን ማንጎ ፍሬ ጓሮ መቅበርም ዋጋ የለውም፤ መቶ ጊዜ ቢቀብሩት አይበቅልም፣ እንዳይበቅል ሆኖ ነው የተሠራው።

«ስንት አፍ?» አለቻት ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጠችው ጸሐፊ፣ ቀና ሳትል።

«ስንት ምን?»

«በቤትዎ የሚበላ አፍ፣ እናቴ። ይመዘገባል።»

«እኔው ነኝ። አንድ።»

ጸሐፊዋ አንድ ብላ ጻፈች። ስለ እንግዳና ስለ ጎረቤት መጠየቅ ለሶልያና በሐሳቧም አልመጣላት። ሰው ደጅ ሲመጣ የተገኘው ይቀርብለታል። ይህንን ደግሞ ማን መዝገብ ላይ ያሰፍረዋል? ውሉ ሠላሳ ገጽ ነበር። አንዱንም ሳታነብ አውራ ጣቷን አሳርፋ፣ ችግኟን በነጠላዋ ከፀሐይ ከልላ፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ ቤቷ ገባች።

ዛፏ በአራተኛው ዓመት አፈራች። የዚያኑ ሳምንት ሁለት ሠራተኞች መጥተው ግንዷ ላይ የውሃ ቆጣሪ የሚያክል ግራጫ ሳጥን አስረው፣ በእርሳስ ማኅተም አትመው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሶልያና ጠዋት ፊቷን ከመታጠቧ በፊት ግቢዋ ወጥታ ለቆጣሪው አፏን ትከፍትለታለች። አይቶ «አንድ አፍ፣ ተገኝቷል» ይላል። ማንጎ ስትቆርጥ «ማን በላ?» ይላታል፤ «እኔ በላሁ» ትለዋለች። ለአንድ አፍ የተፈቀደው በቀን ሁለት ፍሬ ነው፤ ካልተመዘገበ ሌላ አፍ መቅመስ አይችልም። የተረፈውን ቅዳሜ ቅዳሜ የድርጅቱ መኪና እየመጣ ይሰበስበዋል። ዛፏ በአንድ የፍሬ ወቅት ሦስት መቶ ፍሬ ትሰጥ ስለነበር የመኪናው ድርሻ ከእሷ ድርሻ ይበልጥ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ቆጣሪውን ትሰድበው ነበር። በሁለተኛው ዓመት «እንደምን አደርክ» ትለው ጀመር። በኋላ ላይ ከሁሉ ያበገናት ይኸው መልመዷ ነው።

ዛፏን ግን ወደደቻት። ከማለዳ ጀምሮ ሥሯ ትቀመጣለች፣ ቅጠሏን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች፣ ጉንዳን ሲወጣባት እንደ ድሮ ሹፌሮቿ ታመናጭቀዋለች። ጡረታዋ፣ ጓደኛዋ፣ የቀኗ ግማሽ እሷ ነበረች። አንድ ቀን ሳላያት ብውል ይጨንቀኛል ትል ነበር፤ እውነቷን ነው።

ሚያዝያ አሥራ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ ትርሲት ወንፊት ልትዋስ መጣች። ትርሲት አስተማሪ ናት፣ ዕድሜዋ ወደ አርባ ተጠግቷል። ባሏ ጅቡቲ መስመር ላይ ባቡር ይነዳል፣ ቤት የምትኖረው ከአማቷ ከእማማ ኤልዳና ጋር ነው። ሶልያና ወንፊቱን ይዛ ስትወጣ ትርሲት ከማንጎው ሥር ቆማለች። እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ፣ ዓይኗን ዝቅ ካለ ቅርንጫፍ ላይ ካለች አንዲት ቀላ ያለች ማንጎ ላይ ተክላ፣ ምራቋን ትውጣለች።

«ወንፊቱ ይኸው» አለች ሶልያና።

ትርሲት አልሰማችም።

«አንቺ ትርሲት!»

«አቤት እትዬ» ብላ ደነገጠች። እጇን አሁንም ከኋላዋ አልፈታችም። ይህን ጊዜ ሶልያና ገባት። እጇን ከኋላዋ የምታጣምር ሴት ገላዋን እንዳትነካ የምትጠነቀቅ ሴት ናት። አምሮት የያዛት እርጉዝ ተከልክላ ሰውነቷን ብትነካ ምልክቱ ልጁ ላይ ይወጣል ይባላል። ሶልያና አታምንበትም። ግን የሚያምንበትን ሰው አትከለክልም።

«ስንት ወርሽ ነው?» አለቻት በሹክሹክታ።

ትርሲት እንባዋ ቀደማት። «ሦስተኛዬን ልይዝ ነው። እትዬ፣ በሞቴ እንዳይናገሩ። ባሌም አያውቅም። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ አርግዤ፣ ሦስቱንም ጊዜ ገና በሁለተኛው ወር ነው ያወራሁት፣ ሦስቱም ጨነገፉብኝ። እማማ ደግሞ ከሰሙ እልልታቸውን አደባባይ ነው የሚያሰሙት፣ ልብስ ይገዛሉ፣ ስም ያወጣሉ። ያንን ልብስ እንደገና ማጠፍ አልችልም። እስኪገፋ ድረስ ከእርስዎና ከእግዜር በቀር ማንም እንዳይሰማ።»

«አፌን ቆርጠሽ ጣዪው» አለች ሶልያና። ማንጎዋን ቆረጠችላት።

«ማን በላ?» አለ ቆጣሪው።

«እኔ በላሁ» አለችው፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ትርሲት ማንጎዋን ከነልጣጯ ነበር የበላችው፤ አገጯ እስኪንጠባጠብ፣ ፍሬውን እስክትግጥ። ሶልያና ቆማ ስታያት ሆዷ ባባ። በሁለት ዓመት ውስጥ ያ ዛፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈጠረለትን ሥራ ሠራ።

ከድርጅቱ ወረቀት በሳምንቱ መጣ። ከአጥር ውጪ ካለ ቤት የፍሳሽ ንባብ ላይ የወይዘሮ ሶልያና ዛፍ ፍሬ ተገኝቷል፤ በግንቦት ሁለት በአጥር ጉባኤ ቀርበው ያስረዱ ይላል። ሶልያና ሁለት ጊዜ አነበበችው። ትርሲት መጸዳጃ ቤት የምትሄደውን ሁሉ አንድ ነገር ቁጭ ብሎ ያነባል ማለት ነው። ቧንቧው ውስጥ። ይህ ውሉ ላይ ተጽፎ እንደነበር፣ ከተማው ሁሉ እንደ እሷ ሳያነብ እንደፈረመ፣ ያን ቀን ነው ያወቀችው። ወረቀቱን አጣጥፋ ጡቷ ሥር ደበቀችው። ለትርሲት አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ እንዲህ ያለች ሴት መደንገጥ የለባትም።

የአጥር ጉባኤ በወር አንድ ጊዜ በቀበሌው አዳራሽ የሚደረግ ስብሰባ ነው። ዛፍ ያለው በግዴታ፣ ዛፍ የሌለው ወሬ ለመስማት ይመጣል። እማማ ኤልዳና የፊተኛውን ወንበር ይዘው ነበር። ትርሲት ማስተማሪያ ሰዓቷ ስለሆነ አልመጣችም። ከመድረኩ ላይ የተቀመጠው የዘረለምለም ተወካይ በእምነት ይባላል። ልብሱ የተተኮሰ፣ ድምፁ የለሰለሰ ወጣት ነው። ሶልያናን በሁለት እጁ ጨበጣት፣ ወንበር ሳበላት፣ ውሃ ቀዳላት። ይህ ሁሉ ትሕትና ይበልጥ አናደዳት።

«እናቴ» አለ ማይኩን በእጁ ሸፍኖ፣ «ጉዳዩ ቀላል ነው። እንዲያውም ደስ የሚል ነው። ውሉ ላይ እርጉዝ ጎረቤት ከቀመሰች ቅጣት የለም ይላል። እርስዎ ተነስተው እገሌ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ አምሯት ሰጠኋት ካሉ መዝገቡ ይዘጋል። ዛፍዎም ደህና ነው።»

«እርጉዝ አለች ብሎ ማን ነገረህ?»

በእምነት ፈገግ አለ። ጣቱን ፊቱ ያለው ወረቀት ላይ አሳረፈ። «እኛ እናውቃለን እናቴ። ንባቡ ሁሉንም ያነባል። ከእርስዎ የምንፈልገው ቃል ብቻ ነው።»

«ካወቃችሁ የእኔ ቃል ምን ያደርግላችኋል?»

«ሥርዓት ነው።»

«እንግዲያው ለአንተ ለብቻህ ልንገርህ፤ ጻፈው።»

«በጉባኤ ፊት በድምፅ ካልሆነ አይያዝም። ይህም ሥርዓት ነው።»

ሶልያና ወደ ወንበሮቹ ዞር አለች። እማማ ኤልዳና ጆሯቸውን ወደ መድረኩ አዘንብለው፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ ይጠብቃሉ። ደሟ ፈላ። በሠላሳ ዓመት ሥራዋ ብዙ ዓይነት ሌባ አይታለች፤ ኪስ የሚያወልቅ፣ ሻንጣ የሚቀይር። የሰው ማሕፀን በርብሮ «ሥርዓት ነው» የሚል ሌባ ግን አልገጠማትም።

«አልናገርም ብልስ?»

«ከተከራከሩ ማስረጃው ሙሉውን ይነበባል። የቤቱ ስም፣ የተበላው ነገር፣ የበላችው ሴት ሁኔታ። እዚሁ።» ወረቀቱን ቀና አደረገው። «ካልተከራከሩና ጥፋተኛ ነኝ ካሉ ግን ማስረጃው አይነበብም፤ ፋይሉ ታሽጎ ይዘጋል። ዛፉ ይደርቃል።»

«እናንተ ታደርቁታላችሁ?»

«ኧረ እናቴ፣ እኛ የሰው ንብረት አንነካም። ዛፉ የእርስዎ ነው። በራስዎ ጣት ነው የሚያደርቁት።»

ሶልያና ውሃውን አነሳችና አስቀመጠችው። ዛፏ በዓይኗ መጣችባት፤ ዛሬ ጠዋት ጫፏ ላይ ያወጣችው አዲስ ቅጠል፣ ያ ቀይ ለስላሳ ቅጠል። ያለ እሷ ጠዋት ተነስታ የት እንደምትቀመጥ አላወቀችም። ለእንባ ሩብ ጉዳይ ሲቀራት ንዴቱ ቀደመው።

«አሽገው» አለችው። «አሽገውና ካዳራሹ ውጣልኝ። ጥፋተኛ ነኝ!»

ይህኛውን ለመናገር ማይክ አላስፈለጋትም።

ከሰዓት በኋላ በእምነት ራሱ ግቢዋ ድረስ ተከተላት። ቆጣሪው ላይ አንዲት ቀይ ክብ አብርቶ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። ሶልያና አውራ ጣቷን አነሳች። ያቺኑ ችግኝ ያስረከባት ጣት። ዛፏ ላይ ያልበሰሉ አርባ ሰባት ፍሬዎች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው የት ቅርንጫፍ ላይ እንዳሉ ታውቃለች። «እግዜር ይይላችሁ» ብላ ተጫነችው። ለጊዜው ምንም አልሆነም። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ግን ቅጠሉ በቆመበት እየተኮማተረ መርገፍ ጀመረ፤ በሦስተኛው ቀን ፍሬው ቆዳው ተጨማዶ እንደ ጠጠር ደርቆ ቀረ። በእምነት ያኑ ዕለት ወደ መኪናው ሲመለስ ደረሰኝ ሰጥቷት ነበር። «ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» ይላል።

ሰፈሩ የራሱን ምክንያት አገኘላት። «ለሰው ከምሰጥ ይድረቅ ብላ እኮ ነው» ተባለ። «ድሮም ቁጡ ናት።» እማማ ኤልዳና አዳራሹ ውስጥ የሰሙትን «ጥፋተኛ ነኝ» ከነጩኸቱ ለሁሉም ደገሙት። ሶልያና ወሬው ጆሮዋ ሲገባ አንጀቷ ቢያርም አልመለሰችም። ሕይወቷን ሙሉ ለማንም ሹፌር ያልዋጠችውን ነገር ዋጠችው። ወሬው ያልተዋጠላት ትርሲት አንድ ቀን በአጥሩ በኩል «እትዬ፣ ዛፏ ምን ሆነችብዎት?» ብትላት «በሽታ ነው» አለቻት። ትርሲት አየቻት፣ አመነቻት፣ ወይም ያመነች መሰለች፤ እጇ ግን ሳታስበው ወደ ሆዷ ሄዳ ተመለሰች። ሶልያና ይህችን የእጅ እንቅስቃሴ አይታ ገብታ ተኛች፣ ለመጀመሪያ ጊዜም ያደረገችው ነገር አላንገበገባትም።

በግንቦት መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ የዘረለምለም ባጃጅ ሰፈሩን እየዞረች ዘፈን ታሰማ ጀመር። ሶልያና የሚሰበሰብ ፍሬ እንደሌላት ልትነግራቸው ወደ ደጅ ወጣች። ባጃጇ ግን በሯን አልፋ ትርሲት ደጅ ቆመች። ዘፈኑ ተቋርጦ ድምፅ ማጉያው ተናገረ።

«ዘረለምለም እንኳን ደስ ያለሽ ይላል! ወይዘሮ ትርሲት፣ ለአራተኛ ወርሽ! ገና ላልተወለደው አፍ የመጀመሪያ ዛፉን አበርክተናል!»

ሹፌሩ ሪባን የታሰረባት የአቮካዶ ችግኝ ይዞ ወረደ። በር የከፈቱት እማማ ኤልዳና ነበሩ። ችግኟን ተቀበሉ፣ ምን እንደሰሙ እስኪገባቸው ትንሽ ቆዩ፣ ከዚያ እልልታቸውን ለቀቁት። ከየቤቱ ሰው ወጣ። ሴቶች ተቀበሏቸው። ሰፈሩ በአንድ አፍታ እልልታ ብቻ ሆነ።

ትርሲት ከውስጥ ወጥታ በረንዳው ላይ ቆመች። ፊቷ አመድ መስሏል። እልል የሚሉትን አላየችም፤ በአጥሩ አሻግራ ሶልያናን አየቻት።

«እትዬ» አለች። ድምጿ ከእልልታው በታች ነበር፣ ግን ተሰማ። «አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚያውቀው።»

ለሶልያና ጥፊ ቢሆን ይሻላት ነበር። ከዚያ ያ የመነኸሪያ ድምጿ ከየት እንደሆነ ሳታውቀው መጣ።

«አንተ! ባጃጅ! ቁም!»

ሊነሳ የነበረው ሹፌር ደንግጦ ቆመ። እልልታውም ቆመ። ሶልያና ጫማ ሳትቀይር መንገዱን ተሻግራ ፊቱ ተገተረች።

«ይህች ሴት ማርገዟን ማን ነገራችሁ?»

«እናቴ፣ እኔ አድራሽ ነኝ፣ የሰጡኝን...»

«የሰጡህ ወረቀት አለ። አንብበው።»

«ለደንበኛዋ ካልሆነ አይፈቀድም።»

«ደንበኛዋ እኔ ነኝ» አለች ትርሲት ከበረንዳው። «አንብበው።»

ሹፌሩ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «መነሻ፦ የፍሳሽ ንባብ። እርግዝና የታየበት ቀን፦ ሚያዝያ ሦስት። ስጦታው የታዘዘበት ቀን፦ ሚያዝያ አምስት። የሚደርስበት፦ በአራተኛ ወር። የተመዘገበ አፍ፦ አንድ፣ ያልተወለደ።»

«ቀኑን ድገመው» አለች ሶልያና።

«የታዘዘው ሚያዝያ አምስት።»

ማንጎዋ የተቆረጠችው በአሥራ አንድ ነው። ጉባኤው ግንቦት ሁለት። በእምነት ውሃ ሲቀዳላት፣ ወረቀቱን ቀና አድርጎ ሲያስፈራራት፣ ፋይሉ ይታሸጋል ሲላት፣ ይህች ሪባኗን ያሰረች ችግኝ መጋዘን ውስጥ ቀኗን ትጠብቅ ነበር። ምናልባትም አያውቅም ነበር፤ አንዱ ክፍል ያሽጋል፣ ሌላው ክፍል ያውጃል። ለሶልያና ለውጥ የለውም። ወደ ትርሲት ዞረች።

«በገዛ ጣቴ ነው ያደረቅኋት» አለች። ለሹፌሩ አልነበረም የምትናገረው። «በጉባኤ ፊት ወረቀትሽን ሊያነቡት ሲሉ፣ አታንብቡት፣ ዛፌን ውሰዱ አልኳቸው። በገዛ ጣቴ፣ ትርሲት! አርባ ሰባት ፍሬ ነበረባት። እነዚህ ውሾች ግን ማንጎውን ከመብላትሽ በፊት ችግኙን አዘውልሻል!»

አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ትርሲት ከአጥሩ በላይ የሚታየውን ደረቅ ቅርንጫፍ፣ እስካሁን ሳይረግፉ የተንጠለጠሉትን ጥቋቁር ፍሬዎች ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ከበረንዳው ወረደች። አሁን የምትደብቀው አልነበራትም።

ከእማማ ኤልዳና እቅፍ ችግኟን ወሰደች።

«ልጄ ተይ፣ ለልጁ እኮ ነው» አሉ እማማ ኤልዳና።

«ልጄ አፉን ገና አልከፈተም፣ እማማ።»

መንገዱ ላይ ወጥታ ጎንበስ አለችና ችግኟን ከነሪባኗ ከባጃጇ የፊት ጎማ ሥር አጋደመቻት። ቀና ብላ ከሶልያና ጎን ቆመች፣ ክንዷንም ያዘች።

«ንዳ» አለችው ሹፌሩን።

«እመቤቴ፣ ችግኟን በእኔ ይቆጥሩብኛል...»

«ንዳ አልኩህ።»

ሹፌሩ መንገዱን ቢያይ ሰው ነው፤ ኋላውን ቢያይ ሰው ነው። አሁን እልል የሚል አልነበረም። መሪውን ያዘና ነዳ።